ከማድራስ እስከ አሶሳ፤ የመጀመሪያ ፊልምና የቋንቋው መድረክ

ባለቅኔ ያልሰመረለትን ቅኔ ትቶ ሌላ ይቆጥራል፤ ሠዓሊም ያላማረውን ሥዕል ወደ ጎን ብሎ በሌላ ሸራ ላይ ይጀምራል። የፊልም አዘጋጅ ግን ይህን የመሰለ ዕድል የለውም። የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ ወደ ሕዝብ ሲወጣ የራሱን ስም ብቻ ሳይሆን የገንዘብ አውጪውን ጥሪት፥ የተዋንያኑን ልፋትና የካሜራ ባለሙያውን ድካም ጭምር ይዞ ይወጣል። ቢሳካለት ሁለተኛ ዕድል ያገኛል፤ ባይሳካለት ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ የሚባል ነገር አይኖርም። በዚህም ምክንያት የፊልም ጥበብ ታሪክ በአመዛኙ የጀማሪዎች ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያ ፊልም ተሳክቶ ሲገኝ ምስጋናው ሁሉ ለአዘጋጁ ብልሃት ይሰጣል፤ ሲወድቅም ወቀሳው በእርሱ ላይ ይደፋል። ነገሩን በታሪክ ዓይን ለተመለከተው ግን አንድ ሌላ እውነት ይገለጥለታል። ይኸውም አንድ የመጀመሪያ ፊልም የሚቆመው ከእርሱ በፊት በዚያው ቋንቋ በተሠራ መድረክ ላይ መሆኑ ነው። መድረኩን ያበጁት ተውኔቱ፥ ዘፈኑ፥ ተረቱና የተመልካቹ ጆሮ ናቸው። ይህን ሐሳብ ለመመርመር በዚህ ጽሑፍ ሦስት ስፍራዎችን እንጎበኛለን። አንደኛው በደቡብ ሕንድ የምትገኘው የማድራስ ከተማ ስትሆን በዚያም አንድ የታሚል የድብድብ ፊልም በጀማሪ አዘጋጅ እጅ ተሠርቷል። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ናት። ሦስተኛዋና የነገሩ ማረፊያ ደግሞ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ ናት።

«የሕንድ ፊልም» ስንል

ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 በፓሪስ ለሕዝብ ካሳዩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የገባ ሲሆን፥ በቅድሚያ የታየውም በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበር። ከዚያም በአዲስ አበባ ለሕዝብ የሚያሳይ ቤት ሲከፈት፥ በግድግዳ ላይ ሰው ሲሄድና ፈረስ ሲጋልብ ያየው የከተማው ነዋሪ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ስሙ ፍርሃትን ብቻ ሳይሆን አድናቆትንም የያዘ በመሆኑ እስከ ዛሬ ከአፍ አልጠፋም። ከጊዜ በኋላም ሲኒማ ኢትዮጵያ፥ ሲኒማ አምፒር፥ ሲኒማ አምባሳደርና ሲኒማ ራስ የከተማው ሕዝብ መሰብሰቢያ ሆኑ። ከእነዚህም መካከል በመርካቶ የሚገኘው ሲኒማ ራስ በተለይ በሕንድ ፊልሞች ይታወቅ ነበር።

የሕንድ ፊልም በአገራችን ተመልካች ዘንድ የተወደደበት ምክንያት ብዙ ነው። በእናትና በልጅ መካከል ያለው ፍቅር፥ የቤተሰብ ክብር፥ የተበደለ ሰው በስተመጨረሻ ፍትሕ ማግኘቱ፥ ከዚህም ሌላ ታሪኩን አቋርጦ የሚገባው ዘፈንና ውዝዋዜ ለእኛ ባዕድ አልነበሩም። ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች ከተዋናይቱ ጋር ያለቅስ ነበር፤ ዜማውንም በቃሉ ይዞ ከአዳራሹ ይወጣ ነበር። ከቪዲዮ መስፋፋት ወዲህ ደግሞ ተራኪው ነገሩን በአማርኛ እያጣፈጠ የሚተርክባቸው የሕንድ ፊልሞች ከትልልቅ ከተሞች አልፈው ወደ ወረዳ ከተሞች ዘልቀዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የደቡብ ሕንድ የድብድብ ፊልሞች ናቸው።

ተመልካቹ ግን ሁሉንም በአንድ ስም «የሕንድ ፊልም» ይላቸዋል። ሆኖም ሕንድ የአንድ ቋንቋ አገር አይደለችም። በቦምቤይ የሚሠራው ፊልም በአብዛኛው በሂንዲ ቋንቋ ሲሆን፥ በማድራስ ከተማ ኮዳምባካም በሚባለው ሰፈር የሚሠራው ግን በታሚል ነው። ከዚህም በተጨማሪ ቴሉጉ፥ ማላያላም፥ ካናዳና ቤንጋሊ የየራሳቸው የፊልም ታሪክ አላቸው። ታሚል ከ70 ሚሊዮን በላይ ተናጋሪዎች ያሉት፥ ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ የጽሑፍ ቅርስ ያካበተ ቋንቋ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1956 የውስጥ አስተዳደርዋን በቋንቋ ወሰን ስታዋቅር የማድራስ ክፍለ ግዛት የታሚል ተናጋሪዎች ግዛት ሆነ። በ1969 እ.ኤ.አ. ስሙ ታሚል ናዱ ተባለ፤ ከተማይቱም በ1996 እ.ኤ.አ. ቼናይ የሚለውን ስም ያዘች። ስለዚህ የታሚል ፊልም ማለት በብዙ ቋንቋ አገር ውስጥ አንድ ሕዝብ በራሱ አንደበት የሚናገርበት ፊልም ማለት ነው።

ንጉሥ ወይስ ተንከራታች?

በነሐሴ 16 ቀን 1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1958) በማድራስ አንድ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ስሙ «ናዶዲ ማናን» ሲሆን ትርጉሙም «ተንከራታቹ ንጉሥ» እንደ ማለት ነው። አዘጋጁ ኤም. ጂ. ራማቻንድራን ይባላሉ። በተዋናይነት ዝናቸው ከፍ ያለ ቢሆንም ፊልም ሲያዘጋጁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሥራውን የሠሩት ራሳቸው ባቋቋሙት ድርጅት በኩል ሲሆን፥ በፊልሙ ውስጥም ሁለት ሰው ሆነው ተጫውተዋል። አንዱ ማርታንዳን የተባለው ንጉሥ ነው፤ ሌላው ደግሞ ቪራንጋን የተባለው የተራው ሕዝብ ልጅ ነው።

የታሪኩ ፍሬ ነገር የታወቀ ነው። ሁለት መልካቸው አንድ የሆነ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ዙፋን ይጠብቃል፥ ሁለተኛው ለድሃ ይሟገታል። በቤተ መንግሥት ሤራ ምክንያት ድሃው በንጉሡ ስፍራ ይቀመጥና ለሕዝብ የሚጠቅም ሕግ ያወጣል። ሴረኞቹም ይነሡበታል፤ ሰይፍ ይመዘዛል፤ በስተመጨረሻም እውነት ታሸንፋለች። መልክ ለመልክ ስለ ተመሳሰሉ ንጉሥና ተርታ ሰው የሚተርከው ይህ ዓይነት ልብ ወለድ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1894 በአንቶኒ ሆፕ ከተጻፈው መጽሐፍ ወዲህ በብዙ አገር ተደጋግሟል። የማድራሱ አዘጋጅ ግን ታሪኩን ከራሱ ሕዝብ ጥያቄ ጋር አጣመረው።

ለፊልሙ የወጣው ገንዘብ 1.8 ሚሊዮን ሩፒ ገደማ ነበር፤ ለዚያ ዘመን የታሚል ፊልም ይህ እጅግ ከባድ ወጪ ነው። ከፊሉ በጥቁርና ነጭ፥ ከፊሉ ደግሞ በቀለም ተቀርጿል። ፊልሙ ከተሳካ ንጉሥ እንደሚሆኑ፥ ካልተሳካ ግን ተንከራታች እንደሚሆኑ ራማቻንድራን ራሳቸው ተናግረዋል ይባላል። ያለው ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ ስለ ዋለ ንግግሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ፊልሙም ተሳካ፤ ሕዝቡ ጎረፈለት።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል ያስፈልጋል። ፊልሙ የሚጀምረው በሰይፍ ፍልሚያ ሳይሆን ለታሚል ቋንቋ ሰላምታ በሚያቀርብ መዝሙር ነው። ይህም በአጋጣሚ የተደረገ አይደለም። የማድራስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት ሂንዲ በትምህርት ቤት ግዴታ እንዳይሆን ታግሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው የድራቪዳ ሙኔትራ ካዝሃጋም ፓርቲ መሪዎችም ብዙዎቹ ተውኔትና የፊልም ድርሰት ጸሐፊዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ሲ. ኤን. አናዱራይ በተውኔት ይታወቃሉ፤ ኤም. ካሩናኒዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 «ፓራሳክቲ» ለተባለው ፊልም ድርሰቱን ጽፈዋል። ራማቻንድራንም የዚሁ ፓርቲ አባል ስለ ነበሩ የድርጅታቸው ምልክት የፓርቲውን ሰንደቅ ዓላማ የያዙ ወንድና ሴት እንዲሆኑ አድርገዋል።

ከዚህም በላይ ራማቻንድራን ከካሜራ ፊት ከመቆማቸው በፊት በልጅነታቸው የታሚል የሕፃናት ተውኔት ቡድን ገብተው ሰልጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 በመጀመሪያ ፊልማቸው ሲታዩ የመድረክ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው የታሚል ድምፅ ያለው ፊልም «ካሊዳስ» ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የ27 ዓመት ልምድ፥ ከዚያም በፊት የብዙ ዘመን ተውኔት፥ ዜማና ቅኔ ተከማችቶ ነበር። እንግዲህ በ1958 እ.ኤ.አ. ጀማሪው አዘጋጅ ብቻውን አልነበረም፤ ከጀርባው ቋንቋው ሁሉ ቆሞ ነበር።

ታሪኩ ግን በፊልሙ አላበቃም። ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ1967 ሥልጣን ያዘ። ራማቻንድራን በ1972 እ.ኤ.አ. ከእርሱ ተለይተው የራሳቸውን ፓርቲ መሠረቱ፤ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮም፥ ከአጭር ጊዜ መቋረጥ በቀር፥ እስከ ሞቱበት እስከ ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. (1987 እ.ኤ.አ.) ድረስ የታሚል ናዱ ጠቅላይ አስተዳዳሪ ሆኑ። በጨርቅ ላይ ድሃውን ያስጠለለውን ጀግና ሕዝቡ በእውን ዙፋን ላይ ለማስቀመጥ ፈለገ። ይህም የፊልም ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል፤ አደጋውንም ጭምር ያመለክታል። የተዋናይን መልክ ከአስተዳዳሪ ችሎታ ጋር የሚያቀላቅል ተመልካች ሲፈጠር ጥበብ ማስተማርዋን ትታ ማደንዘዝ ልትጀምር ትችላለችና።

የእኛዎቹ ጀማሪዎች

ወደ አገራችን ስንመለስ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. የተሠራ መሆኑን እናገኛለን። በጥቁርና ነጭ የተቀረጸው ይህ ፊልም ድርሰቱ የእላላ ኢብሳ ሲሆን፥ ያዘጋጁት ላምብሮስ ዮካሪስ የተባሉ የግሪክ ተወላጅ ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1966 ዓ.ም. «ጉማ» ተከተለ። አዘጋጁ ሚሼል ፓፓታኪስ በኢትዮጵያ የኖሩ የግሪክ ዝርያ ናቸው። ፊልሙም የሚያተኩረው የሰው ደም በፈሰሰ ጊዜ ወገን ከወገን ጋር በካሣ በሚታረቅበት የቆየ ልማድ ላይ ነው። ዛሬ በአገራችን ለፊልም ሥራዎች የሚሰጠው «ጉማ ሽልማት» ስሙን የወረሰው ከዚሁ ፊልም ነው።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች ከካሜራው ጀርባ የባዕድ ወይም የባዕድ ዝርያ እጅ ያለባቸው ቢሆኑም፥ ፊታቸውና አንደበታቸው ግን የእኛ ነበር። ይህ አንደበት ከየት መጣ? መልሱ ግልጽ ነው፤ ከመድረክ መጣ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተረት የተሰኘውን ተውኔት በ1910ዎቹ ከደረሱ ወዲህ የአማርኛ ተውኔት ሥር ሰድዶ ነበር። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዘፈንንና ቲያትርን ለሕዝብ አቀረበ። ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። የመጀመሪያው ፊልም የተከተለው የቲያትር ቤቱ በር ከተከፈተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ የማድራሱን ይመስላል፤ በመጀመሪያ መድረክ ነበረ፥ ጨርቁ በኋላ መጣ።

ከአገር ውጭ ሲማሩ የነበሩት ኃይሌ ገሪማም ይህንኑ መንገድ ያረጋግጣሉ። በጎንደር ከተውኔት ጸሐፊ አባት የተወለዱት እኚህ አዘጋጅ በአሜሪካ አገር የፊልም ትምህርት ሲከታተሉ ቆይተው በ1966 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገራቸው መጡ፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በጥቁርና ነጭ፥ ሙያቸው ትወና ካልሆነ ሰዎች ጋር፥ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ቀረጹት። ፊልሙ በ1968 ዓ.ም. ለዓለም ቀረበ። ገበሬው በባላባቱ እግር ሥር ያሳለፈውን ኑሮ በገበሬው አነጋገር ስለ ተናገረ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል።

የድብድብ ፊልምን በተመለከተ የአገራችን ሰዎች በመጀመሪያ ከሩቅ ሰው ሥራ ጋር ነበር የተገናኙት። «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአሜሪካ ፊልም ከፊሉ በኢትዮጵያ የተቀረጸ ሲሆን፥ ታዋቂው የመድረክ ሰው ደበበ እሸቱም ተጫውተውበታል። ተራራችንና ከተማችን የባዕድ ጀግና መሮጫ ሆነው በዓለም አደባባይ ታዩ። ታሪኩ ግን የእኛ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በመንግሥት ተቋማት አማካይነት ዘጋቢ ፊልሞች ተሠሩ፤ በሰሎሞን በቀለ የተዘጋጀው «አስቴር» የተባለው ልብ ወለድ ፊልምም በ1984 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ። የፊልም ኮርፖሬሽኑ በ1990ዎቹ ቢዘጋም፥ የቪዲዮ ካሜራ ርካሽ መሆን አዲስ በር ከፈተ። እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉት ሥራዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ ሕዝቡን ወደ አዳራሽ መለሱት፤ ከዚያ ወዲህም የፍቅር፥ የአስቂኝ፥ የቤተሰብና የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች በብዛት ተሠርተዋል። በ2006 ዓ.ም. የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት»፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በካን የፊልም በዓል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የሁለቱም አዘጋጆች የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልሞች ነበሩ። የእኛም ጀማሪ ከዓለም ጀማሪ እንደማያንስ በእነዚህ ታይቷል።

የአሶሳ ምድር ምን ይዟል?

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ሱዳን ወሰን ተጠግታ ትገኛለች። ክልሉን ዓባይ ለሁለት ይከፍለዋል። በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ የምድሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር አማራ፥ ኦሮሞ፥ አገውና ሌሎችም ይኖራሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቅ በኋላ በሰፈራ የመጡ ብዙ የወሎ ገበሬዎችም በአሶሳ ዙሪያ ኑሮአቸውን መሥርተዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 784,345 ሲሆን፥ ሩብ ያህሉ በርታ፥ አምስተኛ እጅ ያህሉ ደግሞ ጉሙዝ ነበር። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

ለፊልም የሚሆን ታሪክ በዚህ ምድር ሞልቷል። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ዘመቻ ቤኒሻንጉልን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ካስገባ በኋላ የአሶሳው ገዢ ሼክ ሖጀሌ አል ሐሰን የምድሩ ዋነኛ ሰው ሆነው ወጡ። ሼኩ በአዲስ አበባ ለዓመታት ታስረዋል፤ ተፈትተው ወርቅ ለቤተ መንግሥት አስገብተዋል፤ ቤተ መንግሥት የመሰለ መኖሪያቸውም በአዲስ አበባ ቆሟል። የሸጎሌ ሰፈር ስም ከእርሳቸው ስም የመጣ ነው። በየቀኑ «ሸጎሌ» እያለ በታክሲ የሚሳፈር የአዲስ አበባ ነዋሪ ሳያውቀው የአሶሳን ታሪክ ይጠራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ለጀግና ፊልም ብቻ የሚመች አይደለም። ወርቁ ከአፈር የወጣው በድሃው ጉልበት ነበር፤ በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድም በወሰኑ ላይ ይካሄድ ነበር። የሼኩ ባለቤት ሲት አምና በዚሁ ንግድ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በሱዳን መንግሥት ተይዘዋል። ነገሩን በቅንነት የሚተርክ አዘጋጅ ሰይፍ የያዘውን ብቻ ሳይሆን ገመድ የታሰረበትንም ሰው ፊት ለካሜራው ማቅረብ ይኖርበታል። የማድራሱ ፊልም ተራውን ሰው በንጉሡ ዙፋን እንዳስቀመጠ ሁሉ፥ የአሶሳውም ተራኪውን ወርቅ አጣቢው ወይም ተሸጣ የሄደችው ልጅ ሊያደርግ ይችላል።

ሌላም ምዕራፍ አለ። በመጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከኢጣልያ እጅ ያስለቀቁት ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። የኮንጎ ልጆች የአፍሪካን ግማሽ አቋርጠው በዓባይ አካባቢ መዋጋታቸው በአገራችን ብዙ አልተነገረም። ከዚያ ወዲህም በጉባ የሕዳሴው ግድብ መሠረት በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ በጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ስለ ግድቡ ብዙ ተቀርጿል። የምድሩ ሰው ስለ ራሱ የሚናገርበት ልብ ወለድ ፊልም ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መድረኩስ? ለዚህ የበርታን «ዋዛ» መመልከት ይበቃል። ዋዛ ከቅል ተገጣጥሞ የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን፥ መጠናቸው የተለያየ ብዙ ዋዛዎች በአንድነት ይነፋሉ። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚወለደው ሁሉም በየተራው፥ በየጊዜው፥ ሳይቀድምና ሳይዘገይ ሲነፋ ነው። አንዱ ቢጎድል ዜማው ይጎድላል። የፊልም ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ደራሲ፥ ተዋናይ፥ ድምፅ ቀራጭና አርታዒ እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ናቸው። ይህን የቡድን ጥበብ ለዘመናት የያዘ ሕዝብ የፊልምን ሥርዓት ከባዕድ ብቻ ሊማር አይገባውም።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው የቁጥሩን ነገር ማንሳቱ አይቀርም። ታሚል 70 ሚሊዮን ተናጋሪ አለው፤ በርታ ወይም ጉሙዝኛ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ በቲኬት ሽያጭ ብቻ ፊልም አይቆምም ይላል። ተቃውሞው እውነት አለው። የማድራሱ አዘጋጅ ያለውን ሁሉ ያፈሰሰው ሚሊዮኖች እንደሚጠብቁት ስላወቀ ነው። ነገር ግን በእርሱ ዘመን የፊልም ጥቅል፥ ቀለምና ላቦራቶሪ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን ካሜራው በእጅ ይያዛል፥ ቅንብሩም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። በበርታ ቋንቋ ተሠርቶ የአማርኛ ጽሑፍ ከግርጌው የሚኖረው ፊልም በሱዳን በኩል ላለው በርታም፥ በአዲስ አበባ ላለው ተመልካችም ይደርሳል። ከሁሉም በላይ አነስተኛ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ በገበያ ብቻ የሚለካ ከሆነ ተረቱ፥ ዘፈኑና ሥርዓቱ አብረው ይለካሉ፤ ያን ጊዜም ሚዛኑ ሁልጊዜ ይጎድላል። እንዲህ ላለው ሥራ የባህል ተቋማት እገዛ እንደ ምጽዋት ሊቆጠር አይገባም፤ ለቅርስ ጥበቃ የሚወጣ ወጪ ነው።

ስለ ድብድቡ

የድብድብ ፊልም በወጣቱ ዘንድ ይወደዳል፤ ጀማሪ አዘጋጅም በእርሱ መጀመሩ አያስገርምም። በዚህ ክልል ግን ነገሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመተከል ዞን በ2011 እና በ2014 ዓ.ም. መካከል በተከሠተው ግጭት፥ በተለይም በ2013 ዓ.ም.፥ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል፤ ከቤት ንብረታቸው የተፈናቀሉትም እጅግ ብዙ ናቸው። ደም በእውን ባየ መንደር ውስጥ ቀይ ቀለም መርጨት ጨዋታ አይደለም። ተመልካቹ ጀግናውንና ጠላቱን በቋንቋቸው ወይም በመልካቸው መለየት ከጀመረ ፊልሙ ቁስል ይቀሰቅሳል።

ይህ ማለት ግን ድብድብ ከፊልም ይውጣ ማለት አይደለም። ዝምታም መድኃኒት አይሆንም። «ናዶዲ ማናን» በሰይፍ ፍልሚያ የተሞላ ቢሆንም ሰይፉ የሚመዘዘው በሕዝብ ላይ ሳይሆን በሤረኛው ላይ ነው፤ ከፍልሚያው በኋላም ጥያቄው ማን ይገዛል ሳይሆን እንዴት ይገዛል የሚል ነው። «ጉማ» ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ደም ከፈሰሰ በኋላ ምን ይደረጋል ብሎ ይጠይቃል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝቦችም ዘንድ በሽማግሌ ፊት ቂምን የማውረድ ሥርዓት የቆየ ነው። ከምቱ ይልቅ ከምቱ በኋላ የሚሆነውን የሚያሳይ የድብድብ ፊልም ከዚህ ምድር ቢወጣ፥ ለአገሪቱ የፊልም ጥበብ ሁሉ አዲስ መንገድ ይከፍታል።

በጠቅላላው ሲታይ ከማድራስም ከአዲስ አበባም የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። የመጀመሪያ ፊልም ድንገት ከሰማይ አይወርድም። በማድራስ የሕፃናት ተውኔት ቡድኖች፥ የቋንቋ ተቆርቋሪዎችና ጸሐፊዎች አስቀድመው ደክመውለት ነበር፤ በአዲስ አበባም የአገር ፍቅርና የቲያትር ቤቱ ሰዎች መንገዱን ጠርገውለታል። እንግዲህ ከአሶሳ፥ ከካማሺና ከመተከል የሚነሣውን ጀማሪ አዘጋጅ የሚጠብቅ ሁሉ ካሜራ ከመስጠቱ በፊት ሌላ ሥራ አለበት። በትምህርት ቤት በበርታ፥ በጉሙዝና በሺናሻ ቋንቋ አጫጭር ተውኔቶች ይጻፉ፤ የዋዛ ነፊዎቹና ተረት አዋቂዎቹ ሽማግሌዎች ድምፅና መልክ ሳያልፉ ይቀረጽ፤ በየከተማው ወጣቱ በራሱ አንደበት የሚጫወትበት አዳራሽ ይዘጋጅ። ይህ ከተደረገ የመጀመሪያው ፊልም በሚወጣበት ቀን አዘጋጁ ንጉሥም ተንከራታችም መሆን አያስፈልገውም፤ በወገኖቹ መካከል ቆሞ ተራው ሲደርስ የሚነፋ አንድ ዋዛ ይሆናል።